ዋሽንት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ቸርኬ ሲሞቅ ይወፍራል

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል አልነበረውም። የነበረው ቸርኬ ነው። ከጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ቸርኬ፣ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ዘበኛው በፌሮ ቁራጭ ይደበድበው ነበር። ጎንደር ብዙዎቻችን ሰዓት የቆጠርነው በቸርኬ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጆሮ የሚበሳ። 6 ሰዓት ላይ ግን፣ በተለይ የመጋቢት ፀሐይ ሲያናጥር ውሎ፣ ወፈር ያለ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር «ርቦህ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አድጌ ነገሩን ሳሰላው ገረመኝ። ረሃቡም ነበረበት፣ እውነትም ነበረበት። የቸርኬው ድምፅ በእርግጥም ሲሞቅ ይወፍራል። ልዩነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው። የእኔ ጆሮ በ4 ሰዓት ልዩነት ጠዋትና ቀትርን አነጻጽሮ ሊይዘው አይችልም። አቅጣጫውን ገምቻለሁ፣ መጠኑን ሆዴ ጨምሮበታል።

ይህን ለሰው ስነግር ብዙ ጊዜ ክርክር ይነሳል። «ሙቀት ነገርን ያፈጥናል እንጂ መቼ ያዘገያል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ስለ አየር ከሆነ የሚያወሩት። ፍጥነቱን የማነሣው ድምፅ በሚጮኸው ነገር ውስጥ ፈጥኖ ሲመላለስ ስለሚቀጥን፣ ሲዘገይ ስለሚወፍር ነው። ድምፅ በ0 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 331 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ጎንደር ላይ ማለዳው 12 ዲግሪ ቢሆን ድምፅ በሰከንድ 339 ሜትር ይሄዳል፤ ቀን 29 ሲገባ 349። ምክንያቱም አየር ውስጥ መልእክቱን የሚያደርሱት ወዲያ ወዲህ የሚበሩት ሞለኪውሎች ራሳቸው ናቸው። ሲሞቁ በፍጥነት ይበራሉ፣ መልእክቱም ይፈጥናል።

በነገራችን ላይ «ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ድምፅ ይዘገያል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፣ አየሩም ስስ ነው። ግን ከፍታ ላይ ግፊቱም እፍጋቱም አብረው ስለሚቀንሱ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። በተመሳሳይ ሙቀት መተማ ቆላ ላይም ጎንደር ላይም የድምፅ ፍጥነት ያው ነው።

ዋሽንት የሚነፋ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት። ሌሊት በብርድ አንስቶ ሲጀምር የሚወጣው ድምፅና እስትንፋሱ ቀርከሃውን ካሞቀው በኋላ የሚወጣው አንድ አይደለም። በውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ድምፁ ወደ 2 በመቶ ይቀጥናል። ይህ ለሙዚቀኛ ጆሮ ብዙ ነው።

ብረት ግን ተቃራኒ ነው።

መጀመሪያ ድምፅ በብረት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሮጥ እንይ። ወፍራም ብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ገደማ። አልሙኒየም ውስጥ 6,300፣ መዳብ ውስጥ 4,700፣ ወርቅ ውስጥ 3,200፣ እርሳስ ውስጥ 2,200 አካባቢ። በ1808 ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ቢዮ ይህንን ፓሪስ ላይ ፈትኖታል። 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውኃ ቧንቧ አንዱን ጫፍ ሲመቱት በሌላው ጫፍ ሁለት ድምፅ ተሰማ። አንዱ በብረቱ በኩል የመጣ፣ ሁለተኛው በቧንቧው ውስጥ ባለው አየር የመጣ። የብረቱ ከአየሩ ከ10 እጥፍ በላይ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። የእኛ ሰፈር ባለ 12 ሜትር ፌሮ አጭር ነው፣ ሁለቱን ድምፆች ለይቶ ለመስማት አይበቃም። ግን ጆሮን አንዱ ጫፍ ላይ አድርጎ ጓደኛን ሌላው ጫፍ ላይ በጥፍር ፋቅ ፋቅ ማስደረግ ይቻላል። በአየር የማይሰማው መፋቅ በብረቱ በኩል ጆሮ ስር ይደርሳል።

አሁን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ልብ በሉ። ከባድ መሆን ድምፅን ያፈጥናል ቢባል ወርቅ ይቀድም ነበር። አልቀደመም። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ግትርነት ነው፤ ማለትም ብረቱ ሲገፉት ወይም ሲጎትቱት ምን ያህል እምቢ እንደሚል። ሁለተኛው እፍጋት ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ እንደታጨቀ። ግትርነት ያፈጥናል፣ እፍጋት ያዘገያል። ሒሳቡን ለሚወዱ፦ ግትርነቱ ለእፍጋቱ ይካፈላል፣ ከውጤቱ ዳግም ዘር ይወጣል፣ አለቀ። ለወርቅ መዘግየት ምክንያቱም ይኸው ነው፣ በጣም ከባድ፣ ደግሞም ለስላሳ። እርሳስማ ከሱም ይብሳል።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለማየት ጥር 11 ቀን ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት እንሂድ። ሕዝቡ ልቅ ብሎ በቆመበት ቦታ አንድ ሰው ከኋላ ቢገፋ ግፊቱ ፊት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ተንገዳግዶ ሌላውን እስኪነካ፣ ሌላውም እስኪንገዳገድ። ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠብቁት ወጣቶች ግን ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ነው የሚቆሙት። ከዳር ያለውን አንዱን ብትጎትቱት በሌላው ዳር ያለው ወዲያው ይሰማዋል። ልቅ ያለው ሕዝብ አየር ነው። የተቆላለፈው ሰልፍ ብረት ነው።

እንግዲህ ሙቀት ይጨመርበት። ወጣቶቹ እስክስታ ይጀምራሉ እንበል። እስክስታው በጋለ ቁጥር እያንዳንዱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ክንዳቸው አልተላቀቀም፣ ግን ጠበቅ ብሎ የነበረው መያያዝ ላላ ይላል። አሁን ከዳር ብትጎትቱ ግፊቱ በቶሎ አይደርስም። ብረት ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው። አቶሞቹ እንደ አየር ሞለኪውል አይበሩም፣ በቦታቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ። መልእክቱን የሚያደርሰው በመካከላቸው ያለው ትስስር ነው። ሙቀቱ የአቶሞቹን መንቀጥቀጥ ያበዛል፣ ትስስሩን ግን ያላላል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ በአቶሞች መካከል ሞላ ተስሎ ታያላችሁ። ያ ሞላ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ሙቀት ምንም አያደርገውም ነበር። ፍጹም ሞላ ብዙም ተንቀጠቀጠ ትንሽ፣ ጥንካሬው ያው ነው። እውነተኛው የአቶም ትስስር ግን ወደ ውስጥ ሲገፉት ድንጋይ ነው፣ ወደ ውጭ ሲስቡት ግን እየላላ ይሄዳል። ሁለቱ አቅጣጫ እኩል አይደለም። ስለዚህ አቶሙ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ ውስጥ ብዙ ስለማያስገባው ወደ ውጭ ያደላል። አማካይ ርቀቱ ይሰፋል። ብረት ሲሞቅ የሚለጠጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ግትርነቱ የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ በሽታ፣ ሁለት ምልክት። ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ቋ ቋ የሚለውም ሲለጠጥ ነው፤ ያንን ስትሰሙ ግትርነቱም አብሮ እየቀነሰ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆመኛል። «ብረቱ ከተለጠጠ እፍጋቱ ቀንሷል ማለት ነው። እፍጋት ሲቀንስ ደግሞ ድምፅ ይፈጥናል ብለሃል። ታዲያ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱ እየተጓተቱ ናቸው። ማን እንደሚያሸንፍ በቁጥር እንየው። ተራ ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ እፍጋቱ በ0.4 በመቶ እንኳ አይቀንስም። ግትርነቱ ግን ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ትግሉ እኩል አይደለም። የተጣራው ውጤት የድምፁ ፍጥነት 1 በመቶ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ መቀነሱ ነው። በቀጭን የብረት ዘንግ ውስጥ በሰከንድ 5,100 ሜትር የነበረው 60 ሜትር ገደማ ያጣል። አልሙኒየም ለሙቀት ከዚህ በላይ ስስ ነው፣ የሚያጣው የብረቱን እጥፍ ይጠጋል።

አሁን ወደ ቸርኬዬ ልመለስ። ከማለዳ ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ ቸርኬው በ30 ዲግሪ ሞቀ እንበል። የድምፁ ቅጥነት የሚቀንሰው በ0.35 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን ሰቅለው አንዱ ሞቅ አንዱ ቀዝቀዝ ብሎ ተራ በተራ ቢመታ የሠለጠነ ጆሮ ምናልባት ይለየዋል። ጠዋት የሰማውን ቀትር ላይ አስታውሶ የሚለይ ግን የለም። ስለዚህ ዘበኛችን ቀትር ላይ ደክሞት ቀስ ብሎ መትቶት ይሆናል፣ ወይ እኔ ርቦኝ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብየዳ ቤት ያለው፣ ጋሼ የምለው ሰው አለ። ይህን ሁሉ ከማስረዳቴ በፊት «ጋሼ፣ ብረት ሲሞቅ ድምፁ ይለወጣል?» አልኩት። ቀና ሳይል መለሰ። «ይለወጣል እንጂ። ሲግልማ ዝም ይላል።»

ዝም ይላል ያለው ሌላ ነገር ነው፣ መለየት አለበት። የቀላ ብረት መስፍ ላይ ተደርጎ በመዶሻ ሲመታ «ጭንግ» የሚል ድምፅ ብትሰሙ ከመስፉ ነው የሚመጣው። የጋለው ብረት ራሱ «ጧ» ብሎ ነው የሚያበቃው። ይህ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። የጋለ ብረት ንዝረቱን ውስጡ ይበላዋል፣ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ስለዚህ አያንቃጭልም። የፍጥነቱ መቀነስ ድምፁን ያወፍረዋል፤ የንዝረቱ መበላት ድምፁን ይገድለዋል። ሁለቱም ሲሞቅ ይመጣሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ባለ እጆቿ የታወቀች ነበረች። ወናፍና ፍም ይዞ የዋለ ባለ እጅ ይህንን ልዩነት ያለ ቀመር ያውቀዋል። ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው የምንለውም ሲግል ስለሚለሰልስ ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ መውረዱ ራሱ ይፈጥናል። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብረት ከግትርነቱ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ የሚሆነውን አጥቷል፣ ድምፅም በውስጡ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቷል። ንጹሕ ብረት 770 ዲግሪ ላይ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፣ 912 ላይ አቶሞቹ አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ፣ በነዚህ ቦታዎች ላይ የፍጥነቱ መስመር ይታጠፋል። 1,538 ላይ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ድምፅ በውስጡ ከመሄድ አይቆምም፤ በሰከንድ 4,000 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሚጠፋው ሌላኛው ዓይነት ሞገድ ነው፣ ወደ ጎን እየተወዛወዘ የሚሄደው። ፈሳሽ ወደ ጎን ሲገፉት እምቢ አይልማ።

ወደ ብርዱ ስንሄድ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። እርሳስ በተለመደው ሙቀት ቢመቱት እንደ ጭቃ ነው። ከእርሳስ የተሠራ ትንሽ ደወል ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ግን እንደ ነሐስ ይጮኻል። መምህራን በሠርቶ ማሳያ የሚያሳዩት ነገር ነው። እኔ በቪዲዮ ብቻ ነው ያየሁት፣ አይቼም አልጠገብኩም።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? መጀመሪያ የተጨነቁበት ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። የድሮ የእጅ ሰዓት ውስጥ ከፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ አለች። ሰዓቱ ሲሞቅ ሞላዋ ትላላለች፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ኤድዋር ጊዮም ከብረት፣ ከኒኬልና ከክሮሚየም ቀላቅሎ ሙቀት ሲለዋወጥ ግትርነቱ ከሞላ ጎደል የማይለወጥ ኤሊንቫር የሚባል ብረት ሠራ። ከማግኔትነቱ የሚመጣ ለውጥ የትስስሩን መላላት ያካክሰዋል። በኒኬልና ብረት ቅይጥ ላይ በሠራው ሥራ በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። እንግዲህ ሕጉን የሚያፈርስ ብረት አለ ማለት ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ።

ዛሬ ደግሞ የፋብሪካ ሰዎች ናቸው የሚጨነቁት። ነፍሰ ጡር የምትታይበት አልትራሳውንድ አለ አይደል? የቧንቧና የቦይለር ግድግዳ ውፍረትም በዚያው ዘዴ ይለካል። መሣሪያው ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ በግድግዳው አልፎ ከወዲያኛው ፊት ነጥሮ ይመለሳል፣ መሣሪያው ጊዜውን ቆጥሮ ውፍረቱን ያሰላል። ችግሩ መሣሪያው የድምፁን ፍጥነት ራሱ አያውቅም፣ ሰው ነው የሚነግረው። በቀዝቃዛ ብረት ፍጥነት ተሞልቶ 200 ዲግሪ የጋለ ቧንቧ ላይ ቢደረግ ድምፁ ዘግይቶ ይመለሳል። መሣሪያው ደግሞ «ዘገየ፣ ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም ነው» ብሎ ይደመድማል። በእውነት 9.7 ወይም 9.8 ሚሊ ሜትር የቀረው 10 ተብሎ ይነበባል። ስሕተቱ ወደ አደገኛው በኩል መሆኑን ልብ በሉ። የተበላ ቧንቧ ጤነኛ ነው ይባላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሙቀቱን ለክተው ያርማሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለክራር ወዳጆች። የብረት ክር ያለው ክራር ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይወፍራል፣ ግን ዋናው ምክንያት ይህ አይደለም። ክሩ ተለጥጦ ውጥረቱ ላልቶ ነው። ክር የሚጮኸው በውጥረቱ ነው፣ ቸርኬና ደወል ደግሞ በራሳቸው ግትርነት።

ራሳችሁ መለካት ከፈለጋችሁ ላብራቶሪ አያስፈልግም። 1 ሜትር ፌሮ፣ ክር፣ ትንሽ መዶሻና ስልክ ይበቃል። ስልኩ ላይ ድምፅን በኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የሚያሳይ ነፃ አፕ ጫኑ። ፌሮውን ልክ መሐሉ ላይ በክር አስራችሁ አንጠልጥሉት። ጎኑን አትምቱ፣ ሌላ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ጫፉን ፊት ለፊት፣ ወደ ርዝመቱ አቅጣጫ ነካ አድርጉት። ቀጭን «ቲንንን» ይላል። አፑ ላይ 2,500 ምናምን ኸርዝ ታያላችሁ። ያንን በፌሮው ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም በ2 ሜትር አባዙት። 5,100 አካባቢ ይወጣል። ከላይ 5,900 ብዬ ነበር፤ ቀጭን ዘንግ ጎኑ ነፃ ስለሆነ ሲገፉት ወደ ጎን ያብጣል፣ ለዚያ ነው ከወፍራሙ ብረት ዘገየት የሚለው።

ይህን ማለዳ አድርጉት። ከዚያ ፌሮውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውጥታችሁ እስከ 8 ሰዓት ተዉት። 35 ዲግሪ ያህል ከሞቀ ንባቡ 10 ኸርዝ ገደማ ዝቅ ይላል። «ስለረዘመ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አስሉለት፤ በ35 ዲግሪ 1 ሜትር ፌሮ የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከ10ሩ ኸርዝ 1ዱን ብቻ ነው የሚያስረዳው። 9ኙ ከተላላው ትስስር ነው። ከጣሪያ ስታወርዱት ጨርቅ ያዙ፣ ያቃጥላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ በየ5 ደቂቃው ነካ አድርጉት። ቁጥሩ ሁለት ሦስት ኸርዝ እያለ ወደ ማለዳው ሲመለስ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ።